ከኦሊቃ ፔጆ የተረፈው

ቶኩማ የሚቀናው በሞተ ሰው ነበር። በቁም ሰው የሚቀና ቢያንስ ባላንጣው ሲመልጥ፣ ሲከስር፣ ጥርሱ ሲወልቅ እያየ ይጽናናል። የሞተ ሰው ግን አያረጅም። ኦሊቃ ካረፈ አሥር ዓመት ሆኖታል፤ በአምቦ ሰው አፍ ላይ ግን ዛሬም የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው። ዛሬም ነጯን ፔጆውን አስነስቶ ጊንጪ በሰላሳ ደቂቃ ይገባል። አንዳንዱ ሃያ አምስት ነው ይላል። ኦሊቃ ከሞተ ወዲህ መንገዱ በየዓመቱ እያጠረ መጥቷል።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል ሰው። ቶኩማም አይወቅስም ነበር። በሆዱ ይዞት ይዞር ነበር እንጂ። የኦሊቃን ሚስት ፋንቱን ያገባው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ ሽማግሌ ልኮ፣ በወግ በማዕረግ። አምስት ዓመት አብረው በልተው፣ አብረው ታመው፣ አብረው ጣሪያ ቀይረዋል። ከተማው ግን እስከ ዛሬ ፋንቱን «የኦሊቃ ፋንቱ» ነው የሚላት። በክፋት አይደለም፤ ምላስ የለመደውን ቶሎ አይጥልም። የቶኩማ ጆሮ ግን ይህን ሰበብ አይቀበልም።

ቶኩማ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። ከሁሉቃ ድልድይ አለፍ ብሎ በቆርቆሮ የተከለለች የሥራ ቦታ አለችው። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሲያበራ ይውልና በእግሩ ወደ ቤቱ ይገባል። የራሱ መኪና ኖሮት አያውቅም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እንዲህ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ አንድ ሐሙስ፣ ከአንድ ባጃጅ ሥር ራሱን ቀብሮ ሲሠራ የሰው ድምፅ ሰማ።

«ኦቦ፣ አካም ጅርቱ?»

«ደህና። ምን ልታዘዝ?» አለ ራሱን ሳያወጣ።

«የኦቦ ኦሊቃን ባለቤት ፈልጌ ነበር። እርስዎ ያውቋታል አሉኝ።»

ቶኩማ ከባጃጁ ሥር ወጣ። የቆመው ሰው ሰላሳዎቹን የተሻገረ፣ ንጹሕ ጫማ ያደረገ የአዲስ አበባ ሰው ነው።

«ኦሊቃ ሞቷል» አለው።

«እሱንስ ሰምቻለሁ፤ ነፍሱን ይማር። ሚስቱን ነው የምፈልገው።»

«ሚስቱ እኔ ጋ ናት።»

ሰውየው ወዲያ ወዲህ አየ። «እዚህ ነው የምትሠራው?»

ቶኩማ ፒንሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በዚያች ሰዓት ፒንሳ በእጁ ባይኖር ይሻል ነበር። «ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። ካርድ ክፍል። የኔ ሚስት ናት» አለ።

ሰውየው ደንግጦ ብዙ ይቅርታ ጠየቀ። ስሙ ገመቺስ ይባላል። ከጓደኞቹ ጋር የድሮ መኪና እየገዛ እንደ አዲስ ያድሳል። አሁን የያዘው ፔጆ 404 ነው፤ ሞተሩም ቆርቆሮውም ተጠናቋል፤ የጎደለው ዳሽቦርዱ ነው። ከመሪው ፊት ለፊት ያለው ሰሌዳ፣ የድሮ መካኒኮች ክሩስኮት የሚሉት፣ እዚያ ቦታ ላይ ባዶ ቀዳዳ ነው ያለው። የኦሊቃ ፔጆ ለብረት ሲሸጥ ሚስቱ ዳሽቦርዱን አስፈትታ ማስቀረቷን አንድ ጎሚስታ ነግሮታል።

«አላውቅም» አለ ቶኩማ። «እሷን ጠይቃት።»

አላውቅም ያለው ውሸት ነው። ያንን ዳሽቦርድ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ አምስት ዓመት ተኝቶበታል። ፋንቱ ስታገባው ይዛ የመጣችው አንድ የልብስ ሣጥን፣ አንድ ቁም ሣጥንና አንድ በሚስማር የተመታ የእንጨት ሣጥን ነበር። የእንጨቱን አልጋ ሥር ገፋችው። «ምንድን ነው?» አላት ያኔ። «የመኪናው ዳሽቦርድ ነው፤ ይቀመጥ» አለችው። ለምን ብሎ አልጠየቃትም፤ የፈራውን መልስ እንዳትሰጠው ፈርቶ። ከዚያ ወዲህ ቶኩማ ጋደም ባለ ቁጥር ኦሊቃ ከሥሩ የተጋደመ ይመስለው ነበር።

በማግስቱ ምሳ ላይ ፋንቱ ነገሩን ራሷ አነሳችው።

«ገመቺስ የሚባል ሰው ጤና ጣቢያ መጥቶ ነበር። የፔጆውን ዳሽቦርድ ይፈልጋል።»

«እኔ ጋም መጥቶ ነበር።»

«አዎ፣ ነግሮኛል። አፍሮ ነበር ሚስኪን።» ፈገግ አለች። «አሁን በወንጪ መንገድ ሌላ ፔጆ አለ ብለውት ሊያይ ሄዷል፤ ነገ በምሳ ሰዓት እደውላለሁ ብሎኛል። እስቲ አንተ እይልኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? መቀመጥ የሚገባው ከሆነ ይቀመጥ። ለሰውየው የሚሆን ከሆነ እንስጠው። ከንቱ ከሆነም ይጣል፤ ቤትም አጣቧል። አንተ ያልከው ይሁን።»

«እኔ ያልኩት?»

«ሌላ ባለሙያ ከየት ላምጣ?»

ከሳሹም ዳኛውም እሱ ሆነ ማለት ነው። ቶኩማ ምሳውን እንዴት እንደጨረሰ አያስታውስም።

ቅዳሜ ጠዋት ሣጥኑን በጋሪ አስጭኖ ወደ ሥራ ቦታው ወሰደው። የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ በአህያና በጆንያ ተጨናንቋል። ደንበኛ እንዳይገባበት የቆርቆሮውን በር ገርበብ አድርጎ ሚስማሮቹን ነቀለ።

ያየው ነገር ደስ አላሰኘውም፤ ምክንያቱም ጥሩ ነበር። የሦስቱ ክብ ሰዓቶች መስታወት አልተሰነጠቀም። የፍጥነቱ፣ የነዳጁና የሙቀቱ ቁጥሮች ቀለማቸው አልለቀቀም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ጥርሶች በጣት ሲነኩ ይዞራሉ። የመክፈቻ ቁልፉ እንኳ በቦታው ነው። ዝገት ያለው ጠርዙ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም በብርጭቆ ወረቀት የሚለቅ።

በስተቀኝ፣ ከጎን የሚቀመጥ ሰው በሚይዝበት በኩል፣ ቀለሙ የአራት ጣት ያህል ተልጧል። ቶኩማ እዚያ ቦታ ላይ ዓይኑ ተተከለ። ኦሊቃ ገበያተኛ የሚያመላልስበት የጎጆ ከተማ መንገድ ያኔ ድንጋይና ጉድጓድ ብቻ ነበር፤ ከፊት የተቀመጠ ሰው አንድ ነገር ካልያዘ ጣሪያው ይመታዋል። ይህ የፋንቱ እጅ ነው። ስንት ጉዞ፣ ስንት ዓመት ብትይዘው ነው የብረት ቀለም የለቀቀው? እሷ እዚህ ይዛ፣ ኦሊቃ እዚያ መሪ ይዞ፣ ምን እያወሩ፣ በምን እየሳቁ ነበር የሚሄዱት? ቶኩማ ፋንቱን በመኪና ወስዷት አያውቅም። በሰው ባጃጅ ካልሆነ።

የተላጠውን ቦታ በጨርቅ ሸፈነው።

ሰሌዳውን ገልብጦ ጀርባውን ሲያይ ደግሞ ሌላ ቅናት መጣበት። ሽቦው ተቃጥሎ የተጠገነ ነው፤ አጠጋገኑ ግን የዛሬ ሰው አጠጋገን አይደለም። ዛሬ ሁለት ሽቦ ይጠመዘዛል፣ ናስትሮ ይጠቀለልበታል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ቻው ነው። ቶኩማም ራሱ ካደረገው ቆይቷል፤ ባለባጃጅ ቆሞ እየተቆጣ ማን ይለፋል? እዚህ ግን እያንዳንዱ መገናኛ በቀለጠ ስታኞ ተበይዶ፣ ሰም በተቀባ ክር ጥብቅ ተደርጎ ተጠቅልሎ፣ ከዚያ ነው ናስትሮ የለበሰው። እንዲህ የሚሠራው አንድ ጋራዥ ነበር፤ ጊንጪ፣ የኦቦ ደግፌ ጋራዥ። ቶኩማ ሙያውን የለመደው እዚያ ነው። «ሽማግሌው ደግፌ ራሱ የሠራው ነው» አለ በልቡ፤ «ለኦሊቃ ሲሆን እንዴት ተጠንቅቋል!» ያ ሰው ለሁሉም የሚጠነቀቅ እንደነበር ረሳው። ቅናት የሚያስታውሰውን ይመርጣል።

ባትሪ አምጥቶ፣ ፊውዝ አስገብቶ ሞከረው። የነዳጁ መርፌ ቀስ ብሎ ተነሣ። የሙቀቱም ተከተለ። ትንንሾቹ መብራቶች በሩ ገርበብ ባለበት ጨለምለም ውስጥ ቢጫ ሆነው በሩ። ማንም የሙያ ሰው ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ ይህ አይጣልም።

ቶኩማ ዱካው ላይ ተቀመጠና አሰበ። ይቀመጥ ካለ አልጋው ሥር ተመልሶ ይገባል፤ ኦሊቃ ዕድሜ ልኩን ከሥሩ አይነሣም። ለገመቺስ ይሰጥ ካለ አዲስ አበባ ሄዶ ያበራል፤ ሰው ይሰበሰብበታል፣ ፎቶ ይነሣበታል፣ ‹ይሄ የማን ነበር?› ሲባል ‹የአምቦው ኦሊቃ› ይባላል። የሞተው ሰውዬ ጭራሽ ዋና ከተማ ሊገባ ነው። ቶኩማስ? ቶኩማ አምቦ ላይ የባጃጅ ጥሩንባ ያስተካክላል።

ስለዚህ ፊውዙን ነቀለ። ሁለቱን የባትሪ ሽቦዎች ያለ ፊውዝ በሰሌዳው ሽቦ በኩል በቀጥታ አገናኘ።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። ቀጥሎ ጭሱ። ሰሙ ቀለጠ፣ ክሩ ጠቆረ፣ የነዳጁ መርፌ አንድ ጊዜ ዘልሎ ከመጨረሻው ጫፍ ጋር ተላተመና እዚያው ቀረ። ነገሩ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ አልበለጠም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደርስ ሲከላከል የኖረ ሰው፣ እጁን አጣምሮ ቆሞ አየው። ደስ ይለኛል ብሎ ነበር፤ አፉን ግን መረረው።

«ቆራሌው!» የሚል ድምፅ በመንገድ አለፈ። ቶኩማ በሩን ከፍቶ ጠራው፤ ሣጥኑን እንዳለ አሸከመው። ሰውየው ስንት ልክፈል ሲለው «ውሰደው ብቻ» አለ። ቆራሌው፣ ቶኩማ ሐሳቡን ሳይለውጥ ልሂድ ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ወደ ኋላ ሳያይ በገበያተኛው መሐል ሾልኮ ሄደ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ቶኩማ ቤቱ ገብቶ እጁን ታጠበ። ሁለት ጊዜ ታጠበ። ፋንቱ የቅዳሜ ተረኛ ስላልነበረች ቤት ነበረች፤ ሽሮውን አቅርባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አየኸው?»

«አየሁት። አይረባም።»

«ምኑ?»

«ሁሉም። ውስጡ ተቃጥሏል። ለቆራሌው ሰጠሁት።»

ታለቅሳለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አምስት ዓመት የጠበቀው ያንን ነው፤ ካለቀሰች የፈራው እውነት መሆኑን ያውቃል። አላለቀሰችም። እንጀራውን ቆረሰች።

«እንግዲህ አንተ ካልክ» አለች። «የተጠገነውም ቦታ?»

«የቱ?»

«ከጀርባው። በክር የታሰረው።»

«ያንን አንቺ በምን አወቅሽ?»

ፋንቱ ሳቀች፤ እንደ ልጃገረድ አፏን በእጇ ሸፈን አድርጋ። «አታስታውስም አይደል? እንደማታስታውስ አውቃለሁ። ልነግርህ እያልኩ ሳፍር ኖርኩ። አንተም አንድ ቀን ለምን አስቀመጥሽው ብለህ አልጠየቅከኝም።»

«ምኑን ነው የማስታውሰው?»

«በ1995 ከጎጆ ስንመለስ፣ ጊንጪ ልንደርስ ስንል፣ ከዳሽቦርዱ ውስጥ ጭስ ወጣ። ኦቦ ደግፌ ጋራዥ አስገባነው። ሽማግሌው ታሞ ነበር፤ ያለኸው አንተ ብቻ ነህ። ወለሉ ላይ በጀርባህ ተንጋለህ ራስህን እግሬ ሥር አስገባህ። እኔ ከፊት ወንበሩ አልወረድኩም፤ ጉልበቴን ያመኝ ነበር። ‹እቴ፣ አምፖሏን ያዢልኝ› አልከኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያዝኩልህ። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለህ ፊቴን አላየህም።»

ቶኩማ እጁን ከትሪው ላይ አነሣ። የሰው ፊት አያስታውስም፤ ያኔም መኪና ነበር የሚያየው፤ ነጭ ፔጆ ደግሞ በዚያ ዘመን እንደ አሸዋ ነበር። ክሩን ግን አስታወሰ። ሽማግሌው በታመመበት ዓመት ሰሙን የሚያቀልጠው እሱ ነበር። ጠዋት የቀናበት እጅ የገዛ እጁ ነው።

«ኦሊቃ ደግሞ ገበያተኛ ይጠብቀኛል ብሎ ይጮህ ነበር» አለች ፋንቱ። «‹ለዛሬ የምታደርሰኝን ያህል አገናኝልኝ› አለህ። አንተ ምን አልከው መሰለህ? ‹ኦቦ፣ ደህና ነው ብዬ ብዋሽዎት ዛሬ ይሄዳሉ። ነገ የምትቃጠለው ግን እዚህ የተቀመጠችው ናት።› ሰደበህ። ስድቡን ጠጥተህ ሥራህን ቀጠልክ፤ ሳትጨርስ ቁልፉን አልሰጠኸውም። እኔ ያን ቀን በልቤ፣ ይህ ሰው መዋሸት አይችልም አልኩ። መኪናው ለብረት ሲሄድ ሌላው ሁሉ ይሂድ፣ እሱን ፍቱልኝ ያልኩት ለዚያ ነው። በኋላ ሽማግሌዎቹ መጥተው ‹ቶኩማ ነው፣ ደግፌ ጋ የነበረው› ሲሉኝ፣ ምን አለው፣ ምን የለውም ብዬ ጠየቅሁ እንዴ? ወዲያው እሺ አልኩ።»

ለአንድ አፍታ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣበት፤ ባሏ አጠገቧ ቆሞ ሌላ ሰው በልቧ ያስገባች ሴት፣ ዛሬስ ካርድ ክፍል ተቀምጣ ማንን እያየች ይሆን? የቅናት ሆድ ሰፊ ነው፤ አንዱን ሳይፈጭ ሌላ ይጠይቃል። ግን ይህ ሐሳብ አልቆየም። የባሰ መጣ። ፋንቱ የምታወራለት ያ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው ቀጭን ሰው፣ ወለል ላይ ተንጋሎ ስድብ እየጠጣ የማይዋሸው፣ እሱ ማነው? ቶኩማ አያውቀውም። የሚያውቀው ጠዋት በሩን ገርበብ አድርጎ ሽቦ ያቃጠለውን ነው።

ስልኳ ጮኸ። ገመቺስ ነበር።

«አዎ፣ ጤና ይስጥልኝ… አይቶታል። አይረባም ብሏል» አለች ፋንቱ። አዳመጠች። «ተቃጥሏል ነው የሚለው… አይ፣ አንተ ብታየውም ዋጋ የለውም። ተጥሏል እኮ… ኧረ ሌላ ሰው ማየት አያስፈልገውም። አንተ ባለቤቴን አታውቀውም። እሱ ተቃጥሏል ካለ ተቃጥሏል። ባል ሳይሆነኝም በፊት አውቀዋለሁ፤ በሥራው ነገር ውሸት ከአፉ አይወጣም።»

በአምስት ዓመት ውስጥ ስለ እሱ እንዲህ በኩራት ስትናገር ሰምቷት አያውቅም። ድምፅዋ ጠንከር ብሎ ነበር። ደስ ሊለው በተገባ። እያንዳንዷ ቃል ግን በእሱ ስም ወጥታ ለዚያ ለጊንጪው ሰው ትደርስ ነበር፤ እሱ እዚህ ሽሮ ፊት ተቀምጦ፣ ያ ሰው ደግሞ በሚስቱ አፍ እየተወደሰ። ቶኩማ ይህን መቻል አቃተው። ንስሐ ገብቶ ነው እንዳትሉ። ቅናት ነው ያናገረው፤ ያንን ሰው ከአፏ ለማስጣል ሌላ መንገድ ስላጣ ነው።

«ይሠራ ነበር» አለ።

ፋንቱ ስልኩን ከጆሮዋ ትንሽ ራቅ አደረገች። «ምን አልክ?»

«ዳሽቦርዱ። ሁሉም ይሠራ ነበር። ዱጋውን፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ዛሬ ጠዋት እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።»

ስልኩ ውስጥ ገመቺስ «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል። «መልሼ ልደውልልህ» ብላ ዘጋችው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠች።

«ለምን?»

«በኦሊቃ ቀንቼ።»

«በኦሊቃ?» መሳቅ የፈለገች መሰለ፤ ግን አልሳቀችም። ቶኩማን ከራሱ ጀምራ እስከ እጁ አየችው። የምታውቀውን ሰው የምትፈልግ ይመስላል። ከዚያ በዝግታ ተናገረች።

«ኦሊቃ ጊንጪ ላይ ሴት ነበረችው። ጠየቅሁት። ‹አዎ› አለኝ። ጎጆም አለች ይባላል አልኩት። ‹አለች› አለኝ። ብዙ አስለቅሶኛል፤ አንድ ቀን ግን ዋሽቶኝ አያውቅም።»

ትሪውን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ቶኩማ የታጠበ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አምስት ዓመት ሙሉ ኦሊቃ ከእሱ የሚበልጥበትን ነገር ሲፈልግ ኖሮ ነበር፤ በመኪናው ይሆናል፣ በዝናው ይሆናል፣ በፍጥነቱ ይሆናል ሲል። አንዱም ሆኖ አልተገኘም። አሁን ግን ኦሊቃ የሚበልጥበት ነገር አለው፤ የሰጠውም ራሱ ቶኩማ ነው።